የቆቃ ቆሮሶ በጫጩትነቱ ይጠና

የመራባት ጂኖችን የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች የጂኑን መገለጥ በአብዛኛው የሚለኩት በጎልማሳ እንስሳ ጉበት፣ አንጎልና የመራቢያ እጢ ነው። ለቆቃ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ይህ የዘገየ ልኬት ነው። ጾታው አቅጣጫ የሚይዘው ዕንቁላሉ ከተዳቀለ ከ10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት የአሮማቴዝን ጂን ካዳከመ በክሮሞዞሙ ሴት የሆነው ጫጩት ወንድ ሊሆን ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቆቃን፣ የመተሐራ ፍልውሃንና የጋናውን ቮልታ ቆሮሶዎች መርምሮ የሙቀቱ ውጤት ከቤተሰብ ቤተሰብ እንደሚለያይ አሳይቷል። የአንድ ቤተሰብ ልኬት እንግዲህ ለሐይቁ ሁሉ አይበቃም። ነገሩ አርቢውንም ይነካል፤ ወንዱ ፈጥኖ ስለሚያድግ በብዙ አገር ጫጩቶች ሆርሞን እየተመገቡ ወንድ ይደረጋሉ። ሙቀት ሆርሞኑን ይተካ እንደሆነ የሚለየው ከበርካታ የቆቃ ቤተሰቦች በሚወሰድ የጫጩት ናሙና ነው። የጫጩቱ እጢ ለብቻው ለመውጣት እጅግ ትንሽ ነው፤ ያ ግን ወደ ጎልማሳው ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም።