«ተበላሽቷል» ከማለት በፊት

በየመሥሪያ ቤቱ አዘውትረው ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለተናጋሪውም ዕረፍት ይሰጣል። አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ምኑ ተበላሸ? እንዴትስ ታወቀ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ዕቃው ወደ ጥግ ይገፋል፤ አቧራ ይለብሳል፤ በመጨረሻም «ይወገድ» የሚል ወረቀት ይጻፍበታል። ዛሬ ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ልናቀርበው ያሰብነው አሳብ ስለዚሁ ቃል ነው። ምሳሌ የምናደርገውም አሮጌውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ በተለይም ፍላሽና ማውዝ የሚሰካበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በትንሹ ነገር የለመደውን በትልቁም መድገሙ አይቀርም።

እኛ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍል ውስጥ ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ አንድ ኮምፒዩተር አለ። አዲሱን ዊንዶውስ ለመሸከም ዐቅም ስላነሰው ሊኑክስ ተጭኖበት፣ የገቢና የወጪ ደብዳቤዎችን ዝርዝር በመያዝ ያለ ነቀፋ ሲያገለግል ቆይቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጧት ወጣቱ የመዝገብ ሠራተኛ የዓመቱን ሥራ ለመገልበጥ ፍላሹን ከፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ቢሰካው ኮምፒዩተሩ ዝም አለ። ነቅሎ ቢሰካውም ያው ሆነ። ከሰዓት በኋላ «ዩኤስቢው ስለ ሞተ ይወገድ፤ በምትኩም አዲስ ይገዛ» የሚል ማስታወሻ ተዘጋጀ። በሌሎች ክፍሎች የሚገኙ ሦስት ተመሳሳይ ኮምፒዩተሮችም «ዞሮ ዞሮ ያው ናቸው» ተብለው በዚያው ወረቀት ላይ ተጨመሩ። እንግዲህ አንድ ፍላሽ አልነበብ በማለቱ አራት ኮምፒዩተሮች ሊወገዱ፣ የአራት ኮምፒዩተር ገንዘብም ሊወጣ ቀረበ ማለት ነው።

ማስታወሻው ለፊርማ ከመግባቱ በፊት በዕድሜ የገፉት የጥገና ሠራተኛ አዩትና ወጣቱን ጠርተው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ምን አለ?»

«ማን ጋሼ?»

«ኮምፒዩተሩ ነዋ! ጠይቀኸዋል?»

ወጣቱ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እርሳቸው ግን የሚቀልዱ አልነበሩም። ሊኑክስ ማናቸውም ዕቃ ሲሰካና ሲነቀል፣ ሲሳካለትም ሲቸገርም፣ ከርነል የሚባለው አስኳሉ በመዝገቡ ላይ እየጻፈ ያኖራል። ይህንንም መዝገብ ለማንበብ «ዲሜሰጅ» የሚባለውን ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ይበቃል፤ ፊደሎቹም በእንግሊዝኛ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ናቸው። በብዙዎቹ አዳዲስ ሊኑክሶች ላይ ትእዛዙ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። ከትእዛዙ ኋላ ሰረዝና ደብልዩ ከተጨመረበት መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቆይና ዕቃው በተሰካባት ቅጽበት የሚጻፈውን ያሳያል።

መዝገቡ ከሚሰጣቸው መልሶች ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው ፍጹም ዝምታ ነው፤ ይህም ኮምፒዩተሩ ዕቃ መሰካቱን ጨርሶ እንዳላወቀ ያመለክታል። ሁለተኛው «አንድ ዕቃ መጥቷል፤ ነገር ግን አልተግባባንም» የሚል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ነጌቲቭ 71 ወይም ነጌቲቭ 110 የሚል የስሕተት ቁጥር ይከተለዋል። የመጀመሪያው የንግግሩ ሥርዓት መበላሸቱን፣ ሁለተኛው መልስ ሲጠበቅ ጊዜው ማለፉን ይነግራል፤ በሁለቱም ጊዜ አስቀድመው የሚጠረጠሩት ኬብሉ፣ መገጣጠሚያውና የኤሌክትሪኩ ማነስ ናቸው። ሦስተኛው «ኦቨር ከረንት» የሚል ሲሆን፣ ከተፈቀደው በላይ ኤሌክትሪክ እየተሳበ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቃል ሲታይ የተሰካውን ሁሉ ወዲያው መንቀል ይገባል። አራተኛው ዕቃው በስሙ ታውቆ፣ መጠኑም ተለክቶ የሚጻፍበት ነው። እንዲህ ከሆነ ቀዳዳው ንጹሕ ነውና ጥፋቱን በፍላሹ ውስጥ ባለው የፋይል አያያዝ ላይ መፈለግ ያሻል።

በእኛው ኮምፒዩተር መዝገብ ላይ የተገኘው ነጌቲቭ 71 ነበር። የጥገና ሠራተኛውም ሌላ ምንም ሳይነኩ ፍላሹን ከፊት ነቅለው በስተኋላ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩት፤ ወዲያውም ታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኋላዎቹ ቀዳዳዎች በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ሲሆኑ፣ የፊቶቹ ግን በሣጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ኬብል የተያያዙ ናቸው። የኤሌክትሪኩ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ ሣጥኑ ቢከፈት የዚያ ኬብል ጫፍ ከቦታው ግማሽ ያህል ወጥቶ ተገኘ። ተገፍቶ በገባ ጊዜ «ሞተ» የተባለው የፊት ቀዳዳ ሥራውን ጀመረ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን የ4 ጊጋ ባይት ፋይል መገልበጥ ቢጀመር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሆነ። ወጣቱም በዚህ ጊዜ መዝገቡን ማንበብ ለምዶ ስለ ነበር አየና፣ «ጋሼ፣ ቀዳዳውስ ደኅና ነው፤ ‹ፉል ስፒድ› ይላል፤ በሙሉ ፍጥነቱ እየሠራ ነው። ፍላሹ ነው ያረጀው» አለ። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል።

የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ1998 ተሻሽሎ 1.1 ተባለ። የዚያ ዘመን ትልቁ ፍጥነት በሴኮንድ 12 ሜጋ ቢት ነበርና «ፉል ስፒድ»፣ ማለት ሙሉ ፍጥነት ተባለ፤ ለማውዝና ለኪቦርድ የተመደበው ዝቅተኛው ደግሞ 1.5 ሜጋ ቢት ነበር። በ2000 ዩኤስቢ 2.0 ሲወጣ ፍጥነቱ 480 ሜጋ ቢት ደረሰ። «ሙሉ» የሚለው ስም አስቀድሞ ተይዞ ስለ ነበር ግን አዲሱ «ሀይ ስፒድ»፣ ማለት ከፍተኛ ፍጥነት ተባለ። በ2008 የወጣው 3.0 ደግሞ 5 ጊጋ ቢት ይዞ «ሱፐር ስፒድ» የሚል ስም ወጣለት። ስለዚህ ዛሬ «ሙሉ ፍጥነት» የሚለው ቃል ከ«ከፍተኛ ፍጥነት» አርባ ጊዜ ያነሰ ነው። መዝገቡ አልዋሸም፤ አንባቢው ግን ቃሉን በሥራው ትርጉም ሳይሆን በልማዱ ትርጉም አነበበው።

ለእያንዳንዱ ዘመን ፍጥነት የየራሱ ተቆጣጣሪ፣ በተለመደው ስሙ ኮንትሮለር ተሠርቶለታል። ለመጀመሪያው ዘመን ኢንቴል ዩኤችሲአይ የሚባለውን ሲያወጣ፣ ኮምፓክ፣ ማይክሮሶፍትና ናሽናል ሴሚኮንዳክተር በአንድነት ኦኤችሲአይ የሚባለውን አወጡ። ለ2.0 ኢኤችሲአይ፣ ለ3.0 ደግሞ ኤክስኤችሲአይ መጡ። በዚያ ዘመን በተሠሩት ብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ተቆጣጣሪ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ በአንዱ ቀዳዳ ማውዝ ሲሰካበት ለአሮጌው፣ ፈጣን ፍላሽ ሲሰካበት ለአዲሱ ይተላለፋል። አዲሱ ከሌለ ወይም ከተዘጋ ፍላሹም በአሮጌው በኩል ይገባና ያዘግማል። «ማውዙ ስለ ሠራ ቀዳዳው ሙሉ ጤነኛ ነው» ማለትም ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ይህንንም ለማጣራት ሁለት ትእዛዞች ይበቃሉ። «ኤልኤስ ዩኤስቢ» የሚባለው፣ ሰረዝና ቲ ሲጨመርበት፣ የተሰኩትን ዕቃዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያሳየ በየአጠገባቸው 12 ወይም 480 የሚል የፍጥነት ቁጥር ያስቀምጣል። «ኤልኤስ ፒሲአይ» የሚባለው ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ተቆጣጣሪዎች ይዘረዝራል። በእኛ ኮምፒዩተር ዝርዝር ውስጥ ዩኤችሲአይ ብቻ ነበር፤ ኢኤችሲአይ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ተነሥቶ ወደ ባዮስ ቢገባ የዩኤስቢ 2.0 ተቆጣጣሪ ተዘግቶ ተገኘ። ተከፈተ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውም ግልበጣ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። መቼና በማን እንደ ተዘጋ ግን የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ለማወቅ አልተቻለም።

የሌሎቹ ሦስት ኮምፒዩተሮች ዕጣስ ምን ሆነ? አንደኛው ምንም ጉድለት አልተገኘበትም፤ የተወገዘው ሳይሞከር ነበር። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት ብቅ እያለ የሚጠፋው የራሱ ኤሌክትሪክ በሌለው ማከፋፈያ በኩል ስለ ተሰካ ነበር። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ እንዲሰጥ የታዘዘው እስከ 500 ሚሊ አምፔር ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ማከፋፈያ ግን ለአንድ ዕቃ ሊሰጥ የሚገባው 100 ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስክ በዚህ አይጠግብም። በቀጥታ ከኋላ ሲሰካ ሠራ። ሦስተኛው ግን ቀዳዳዎቹ ባዶ ሳሉ እንኳ «ኦቨር ከረንት» እያለ ይጽፍ ነበር፤ በውስጡ ያሉት የብረት ምላሶች ተጣመው እርስ በርሳቸው ተነካክተዋል፤ ማዘርቦርዱም አብሮ ተጎድቷል። በእርሱ ላይ «ይወገድ» ተባለ፤ ሜሞሪውና ሃርድ ዲስኩም ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆኖ ቀረ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ከምርመራ በኋላ የተሰጠ ነው።

«በአሮጌ ዕቃ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን? አዲስ መግዛት አይሻልምን?» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። አሳባቸውን አንንቅም። የሠራተኛ ጊዜም ገንዘብ ነው፤ አንድን ቀዳዳ ለማዳን ሳምንት የሚያጠፋ ሰው ብልህ አይባልም። ማዘርቦርዱ ደኅና ሆኖ ቀዳዳው ብቻ ከተጎዳ ተጨማሪ የዩኤስቢ ካርድ ገዝቶ መሰካት ይቀላል፤ ሊኑክስም ከ2009 ወዲህ፣ ከ2.6.31 ከርነል ጀምሮ፣ የ3.0 ተቆጣጣሪዎችን ያውቃል። እኛ የምንለው ሁሉም አሮጌ ነገር ይዳን አይደለም። መርምሮ ማስወገድና ሳይመረምሩ ማስወገድ በወረቀት ላይ አንድ ቢመስሉም በሥራ አንድ አይደሉም ነው የምንለው።

ይህ አሳብ በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተከታዩን መሸከም የማይችሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ወይ ወደ ሊኑክስ ይዛወራሉ፣ ወይ ይጣላሉ። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በእነርሱ ላይ የሚፈርዱት ዛሬ ተማሪዎችና ጀማሪ ሠራተኞች የሆኑት ናቸው።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንመክረው አራት ነገር ነው። አስቀድማችሁ መዝገቡን አንብቡ። ቀጥላችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ፍላሹንም ኬብሉንም ቀዳዳውንም በአንድነት የለወጠ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ፤ ሌላ ቀዳዳ ሳይሞክሩ ሣጥን መክፈት፣ ሣጥን ሳይከፍቱ ሊኑክስን አጥፍቶ እንደ ገና መጫን አይገባም። በመጨረሻም ያደረጋችሁትን ከነቀኑ በደብተር ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው በጨለማ እንዳይዳብስ።

ወጣቱ የመዝገብ ሠራተኛ ዛሬ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ትንሽ ደብተር አኑሯል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈውም «የፊት ቀዳዳ፦ ኬብሉ ወጥቶ ነበር፤ ገብቷል። ባዮስ፦ 2.0 ተዘግቶ ነበር፤ ተከፍቷል» የሚል ነው። ሁለት መስመር ብቻ ናት። ነገር ግን «ተበላሽቷል» ከሚለው ቃል ይልቅ ለመሥሪያ ቤቱ የጠቀመችው እርስዋ ናት እንላለን። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለችሎት ብቻ አይደለም፤ በጠረጴዛችን ላይ ላለው ዕቃም ይሠራል።