የገና ዋዜማ ሒሳብ



የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ታኅሣሥ ሲያልቅ እኩሌታው ያልቃል። ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት የምትውሉት በዚህ ሰሞን የስድስት ወር ሪፖርት ስታዘጋጁ ታመሻላችሁ። ተማሪዎቹም የፈተና ነገር እያሳሰባችሁ ደብተራችሁን ታገላብጣላችሁ። ገናም የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ነውና፣ ሪፖርቱና በዓሉ ባንድ ሰሞን ይገናኛሉ። እኔ ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ግን አለቃ ስለማይጠይቀን ሒሳብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በጾመ ነቢያት ወራት፣ ልደታ ከፍርድ ቤቱ ደጅ መዝገቤን በብብቴ ይዤ ቆሜ ነበር። ከሳሹ እኔ፣ ተከሳሹ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የምንካሰሰውም አባታችን ትቶልን ባለፈው ቤት ነበር። ችሎቱ ለጥር ቀጠረን። ነቢያት የጌታን መወለድ እየተጠባበቁ የጾሙትን ጾም፣ እኔም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሬ ሥጋና ወተት ሳልቀምስ ይዤው ነበር። ነገር ግን በየሻይ ቤቱ ወንድሜን ሳማ እውላለሁ። የበሬውን ሥጋ ጾሜ የወንድሜን ሥጋ ስበላ ከረምሁ ማለት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ልደታ ለማርያም አስቀደስሁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን፣ ሰፈሩም በእርስዋ፣ የተጠሩት ግንቦት 1 ቀን በሚከበረው በእመቤታችን ልደት ነው። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ባዘዘ ጊዜ፣ እንደ ልማዴ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። በቀኜ የቆሙትን ሽማግሌ አላውቃቸውም፤ በግራዬ ያለውንም ወጣት አላውቀውም። ለማላውቃቸው ሰዎች እጅ የነሣሁ ሰው፣ ካንድ ማሕፀን ለወጣው ወንድሜ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ፣ መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ መታዘዙ ትዝ አለኝና አፈርሁ።

በገና ዋዜማ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድሁ። በሩን የከፈተው እርሱ ራሱ ነበር። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝና፣ «ጋሼ፣ ለቤቱ ጉዳይ አይደለም የመጣሁት» ብቻ አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ አየኝና «ግባ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

በውስጥ አንዲት ሕፃን በግድግዳ ተደግፋ ትድሃለች፣ ትነሣለች። የወንድሜ ልጅ ናት። ተወልዳ፣ ክርስትና ተነሥታ፣ ልትራመድ ደርሳ ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት የጠየቅሁት የመጀመሪያው ነገር ስሟን ነው።

የቤቱ ጉዳይ በዚያ ምሽት አላለቀም። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ እኔም ይገባኛል ካልሁት ጥቂት ቀረብኝ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪዎች ጉዳያቸውን በእርቅ እንዲጨርሱ ይፈቅዳልና፣ ስምምነታችንን ለችሎቱ አቅርበን አስመዘገብን። አልዋሻችሁም፤ የቀረብኝ ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያቺ ልጅ ስትወለድ አለመገኘቴ ግን የበለጠ ይቆጨኛል።

ይህን ስል መብቱን የተነጠቀ ሰው ዳኛ አይጠይቅ ማለቴ አይደለም። ፍርድ ቤት መሄድ ነውር የለበትም። ነውሩ ሙግቱን ሰበብ አድርጎ ዝምድናን መቍረጥ ነው።

ስለዚህ፣ አንባብያን ሆይ፣ በዓሉ እስኪደርስ በየምሽቱ ሩብ ሰዓት ስልካችሁን ዘግታችሁ ለብቻችሁ ተቀመጡ። በዚህ ዓመት ሰላምታ የነፈግሁት ማነው? የማንን ስም በክፉ አነሣሁ? የማንን ደስታ ወይም ሐዘን ሳልደርስለት ቀረሁ? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አብሮ አደራችሁ ተማሪ ይሆናል፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛችሁ አጠገብ ያለ ባልደረባችሁም ይሆናል። ስሙ ከመጣላችሁ ሪፖርቱን አታስረዝሙት፤ ዶሮው ሳይታረድ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

ለልደት በዓል በሰላም ያድርሳችሁ።