ወረርሽኝ በገባበት መንደር የውሻው ነገር

ወረርሽኝ በአንድ አገር በተነሣ ጊዜ ሐኪሙም ሹሙም ዐይኑን የሚጥለው በሰው ላይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤትና በዚያው ደጅ የሚኖሩት እንስሳት ምን ደረሰባቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2002 የኢቦላ በሽታ በጋቦን ገብቶ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ውሾች በበሽታው የሞቱትን የዱር እንስሳት ሲበሉ ተመራማሪዎች አዩ። ከዚህም የተነሣ የ439 ውሾች ደም ተመረመረ። የተፈለገውም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያበጀው ፀረ እንግዳ አካል ነበር።

ውጤቱም እንደሚከተለው ሆነ። ከሁለቱ ታላላቅ ከተሞች ውሾች ከመቶ 8.9፣ ከሜካምቦ ከተማ 15.2፣ በሽታው ከገባባቸው መንደሮች ደግሞ 25.2 ምልክቱ ተገኘባቸው። ሰውም ታሞ የእንስሳት ሬሳም በተገኘበት መንደር ቍጥሩ 31.8 ደረሰ። ለማነጻጸር ከፈረንሳይ አገር በተመረመሩት ላይ ግን የተገኘው 2 ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ በሽታው በቀረቡ መጠን ቍጥሩ ከፍ ማለቱን እናያለን።

የሆነ ሆኖ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቫይረሱ ራሱ ከአንዱም ውሻ ደም አልተገኘም፤ የታመመም አልታየም። ውሻ ኢቦላን ለሰው ማስተላለፉም እስካሁን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ከቫይረሱ ጋር መገናኘት አንድ ነገር ነው፤ በሽታ አስተላላፊ መሆን ሌላ ነው።

ይህን አለመለየት የሚያመጣውን በ2014 ሁለት ከተሞች አሳይተውናል። በማድሪድ የአንዲት በኢቦላ የታመመች ነርስ ውሻ፣ ሕዝብ እየተቃወመ፣ ተገደለ። በዚያው ወር በዳላስ ግን የሌላ ታማሚ ነርስ ውሻ ለ21 ቀን ተለይቶ ተጠበቀ፤ ተመርምሮም ነጻ ሆኖ ስለተገኘ ለባለቤቱ ተመለሰ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በጭንቅ ሰዓት የሚሰጥ ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ነገ በየወረዳው ኀላፊነት የሚረከቡት ወጣቶቻችን፣ ወረርሽኝ ሳይመጣ የእንስሳት ሐኪሙን ከሰው ሐኪሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጡ፣ ውሾች ከሬሳ እንዲታገዱና የሚጠረጠሩት ተለይተው የሚቆዩበት ስፍራ እንዲሰናዳ ቢያደርጉ፣ የሰውም ሕይወት ይጠበቃል፤ በከንቱ የሚጠፋ እንስሳም አይኖርም እንላለን።