ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞሩ ድንጋዮች

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። በስልኬ ለአክስቱ ልጆች መልእክት ሲልክ ከቃል ይልቅ ሥዕል ይቀናዋል። ከሁሉም አብዝቶ የሚልከው ደግሞ ያንን አፍንጫው የረዘመ፣ ግንባሩ የገፋ፣ የተኮሳተረ የድንጋይ ፊት ነው። እናንተም ቤት ሳይገባ አልቀረም። አንድ ማታ «ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ! ሰው አይደለም እኮ። ሞአይ ነው። ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡሮች የሠሩት ነው» አለኝ በሙሉ ልብ። ከየት ሰማህ ስለው ቪዲዮ ላይ አየሁ አለ።

እኔም ብሆን ከእሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። በልጅነቴ የሰማሁት፣ ሐውልት እንሠራለን ብለው ዛፋቸውን ሁሉ ጨፍጭፈው፣ ተርበው፣ እርስ በርስ ተፋጅተው ስለጠፉ ሰዎች ነው። እናትና ልጅ ሁለታችንም ተሳስተናል። ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ አብረን ስናነብ ያገኘነውን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ደሴቷ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ናት። የገዛ ልጆቿ ራፓ ኑኢ ይሏታል፤ ሕዝቡም ቋንቋውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «የፋሲካ ደሴት» የሚለውን ስም ያወጣላት ያኮብ ሮገቬን የተባለ የኔዘርላንድስ መርከበኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1722 የደረሰባት በምዕራባውያን ፋሲካ ዕለት ስለነበር። ስፋቷ 163 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ሲሶ እንኳ አትሞላም። የምትተዳደረው በቺሊ ሥር ሲሆን፣ ከቺሊ የባሕር ዳርቻ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሰው የሚኖርባት ቅርብ ጎረቤቷ ፒትኬርን ናት፤ እሷም 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ነዋሪዎቿም ጥቂት አሥሮች ናቸው። ቡና ጠጡ ብሎ የሚጣራ ጎረቤት የለም ማለት ነው።

የዛሬ 800 ዓመት ገደማ ከሌሎች የፖሊኔዥያ ደሴቶች የተነሡ ቤተሰቦች በታንኳ ይህን ባሕር አቋርጠው ገቡ። ኮምፓስ የላቸውም፤ ኮከቡን፣ የማዕበሉን አመጣጥና የወፎችን በረራ ነው ያነበቡት። ዶሮ፣ ሙዝ፣ እኛ ጎደሬ የምንለውን ሥራ ሥርና ሌላም ለዘር የሚሆን ይዘው ነበር። ልጄን እዚህ ጋ ያስገረመው ጎደሬው ነው። ባለፈው ክረምት ከጅማ የመጣልንን አልበላም ብሎ ነበርና።

እነዚህ ሰዎች ከሠሯቸው ሐውልቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ የወጡት ራኖ ራራኩ ከተባለ አንድ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ድንጋዩ የጠጠረ አመድ ስለሆነ ከእሱ በሚጠነክር ጥቁር ድንጋይ እየጠረቡ ይቀርጹታል። ካባው ዛሬም ሥራ ላይ እንዳለ ነው የሚመስለው። ግማሹ ተቀርጾ ጀርባው ከአለቱ ያልተላቀቀ አለ፤ ቢያልቅ 21 ሜትር ያህል ይሆን የነበረም አለ። ተነሥተው በመሠረታቸው ላይ ከቆሙት ትልቁ ቁመቱ ወደ 10 ሜትር፣ ክብደቱ 80 ቶን ገደማ ነው። ልጆች በስልክ የሚላላኩት ጭንቅላቱን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ገላ የሌላቸው ይመስለዋል። አላቸው፤ በተራራው ወገብ ያሉት እስከ ትከሻቸው በአፈር ተውጠው ነው እንጂ እጅም ሆድም አላቸው።

እንዴት አጓጓዟቸው? ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ተራመዱ»። የውጭ ሰው ተረት ነው ብሎ ሲያልፈው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ቴሪ ሀንትና ካርል ሊፖ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ አሠርተው በገመድ አቆሙት። 18 ሰዎች ሆነው ከግራ ከቀኝ በየተራ እየሳቡ፣ ከኋላም እየያዙ፣ 100 ሜትር ያህል በ40 ደቂቃ አስኬዱት። ድንጋዩ ወደ ፊት ዘንበል ስለሚል በተወዛወዘ ቁጥር አንድ እርምጃ ይቀድማል። ፍሪጅ ከግድግዳ ስታላቅቁ ወይም የሞላ የጋዝ ሲሊንደር ስታዘዋውሩ እንዴት ነው የምታደርጉት? አንዱን ጥግ፣ ቀጥሎ ሌላውን ጥግ። ልጄን ወጥ ቤት ወስጄ በሲሊንደራችን አሳየሁት፤ ከዚያ ወዲህ የሌላ ፕላኔቱን ወሬ አልሰማሁም። ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አይስማማም። እኔን ግን ከሲሊንደሩ በላይ ሽማግሌዎቹ አሳምነውኛል።

ለምን ሠሯቸው ለሚለው መልሱ ከዚህ ይበልጥ ቅርባችን ነው። ሞአይ የአያት ቅድመ አያት ምስል ነው። ሐውልቱ የሚቆምበት የድንጋይ መደብ አሁ ይባላል፤ የቤተሰቡ አስከሬን የሚያርፈውም እዚያው ነው። አብዛኛው አሁ ባሕር ዳር ነው፤ ሐውልቶቹ ግን ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መንደሩ ያዞራሉ። ጠላት አይጠብቁም፤ ልጅ ልጆቻቸውን ነው የሚያዩት። አሁ አኪቪ ላይ ያሉት ሰባቱ ብቻ ወደ ባሕር ያያሉ ይባላል፤ እነሱም የቆሙት ከባሕር ርቀው ነው፣ መንደሩም ከፊታቸው ነበር። ሕዝቡ «አሪንጋ ኦራ» ይላቸዋል፤ ሕያው ፊት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አናኬና በተባለው የባሕር ዳርቻ ከነጭ ኮራል የተሠራ፣ ብሌኑ ቀይ ድንጋይ የሆነ ዓይን ከአፈር ወጣ። ለካ እነዚያ ባዶ ጉድጓዶች ያዩ ነበር። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው የአባቴ ፎቶግራፍ የትም ብንቀመጥ ያየናል እንደምንለው መሆኑ ነው።

ወደዚያ የመጥፋት ታሪክ ልመለስ። ዛፋቸው ማለቁ እውነት ነው፤ የዘንባባ ደን ነበራት፣ ጨፈጨፉት፣ አይጥም ፍሬውን በላው። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። የእርሻቸውን አፈር ድንጋይ እያለበሱ እርጥበቱን አቆዩ፤ ችግኙን ከነፋስ ለመጠበቅ ክብ የድንጋይ አጥር ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የ15 ቀደምት ነዋሪዎችን ዘረመል መርምሮ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ አለቀ የሚለውን የሚደግፍ ምልክት አላገኘም።

የመጨረሱ ነገር የመጣው በመርከብ ነው። ከ1862 መጨረሻ ጀምሮ ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች 1,500 ያህል ሰው አጋዙ፤ አለቆቹንና የቃል ታሪክ አዋቂዎቹን ጨምሮ። ጩኸት ሲበዛ ፔሩ ይመለሱ ብላ አዘዘች፤ አብዛኞቹ ግን ሞተዋል። በሕይወት የደረሱት ጥቂቶችም ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1877 በደሴቷ የተቆጠረው ሰው 111 ብቻ ነበር።

ይህን ለልጄ ሳነብለት ቁጥሩን ደግሜ እንዳነብ ጠየቀኝ። የእሱ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

ከሰው ጋር ንባብም ጠፋ። ሮንጎሮንጎ የሚባል በእንጨት ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ ነበራቸው። ሁለት ደርዘን ያህል ቅርስ በየአገሩ ሙዚየም ተርፏል፤ ደሴቷ ላይ አንድም የለም፤ እስከ ዛሬ ያነበበውም የለም። ቺሊ ደሴቷን በ1888 ከያዘች በኋላ ደግሞ መሬቱ የበግ እርባታ ኩባንያ ግቢ ሆነ፤ ባለ አገሮቹ ሃንጋ ሮአ በተባለችው አንዲት መንደር ታጥረው ኖሩ። ሙሉ የዜግነት መብት ያገኙት በ1966 ነው። «ሚስጥራዊዋ ደሴት» የሚሉት ቪዲዮዎች ይህን አይነግሩንም። ሚስጥር ከተባለ ተጠያቂ አይኖርማ።

ዛሬ በደሴቷ 8,000 የሚጠጋ ሰው ይኖራል። በመሠረታቸው ላይ ቆመው የምናያቸው ሞአዮች በሙሉ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወድቀው የነበሩና በ20ኛው የተነሡ ናቸው። ቶንጋሪኪ ላይ ያሉት 15ቱ እንዲያውም በ1960 ከቺሊው የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሣ ማዕበል ወደ መሐል አገር ተጠርገው ነበር፤ በ1990ዎቹ ከጃፓን በመጣ ክሬን ተመለሱ። በየዓመቱ በጥር መጨረሻና በየካቲት ታፓቲ የተባለ በዓል አላቸው። ለንግሥትነት የምትወዳደረው ልጅ ብቻዋን አትወዳደርም፤ ዘመዶቿ በሙሉ በመዝሙር፣ በሽመና፣ በዓሣ ማጥመድ ነጥብ ይሰበስቡላታል። ጎረምሶቹ በሙዝ ግንድ ላይ ተጋድመው ከተራራ ቁልቁል ይንሸራተታሉ (ይህን ቪዲዮ ልጄ ስንት ጊዜ እንዳየው አልቆጠርኩም)። ልጆቹ ደግሞ በጣቶቻቸው ክር እየጠላለፉ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ካይ ካይ ይባላል፤ ለየቅርጹ የሚባል ግጥም አለው።

አንድ ነገር ግን ገና አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1868 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ኦሮንጎ ከተባለው የሥርዓት መንደር ሆአ ሃካናናይአ የተባለውን ሞአይ ጭኖ ሄደ። ስሙ ብዙ ጊዜ «የተሰረቀ ወዳጅ» ተብሎ ይተረጎማል። ለንግሥት ቪክቶሪያ ተበረከተ፤ እሷም ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠችው። ዓመቱን ሳየው ቆም አልኩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ በፋሲካ ማግስት፣ አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ፤ የመቅደላም ንብረት ተዘረፈ። ከዚያ ከወጡት ጽላቶች አንዳንዶቹ ዛሬ የሚገኙት በዚያው ሙዚየም ነው። ለሁለታችንም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ሕጉ አሳልፎ መስጠት አይፈቅድም፣ ማዋስ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የራፓ ኑኢ መልእክተኞች ለንደን ድረስ ሄደው ጠየቁ። አምሳያውን ቀርጸን እንስጣችሁ፣ እሱን መልሱልን የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ቺሊ ራሷ በሳንቲያጎ ሙዚየም የነበረውን አንድ ሞአይ በ2022 ወደ ደሴቷ መልሳለች። የለንደኑ እዚያው ነው።

ልጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ያንን የድንጋይ ፊት ለአክስቱ ልጆች መላኩን አልተወም። ባለፈው እሑድ እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለው ሰማሁት። «የሰዎች አያት ነው» አላት።

ለንደን የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ አንባቢዎቼ፣ ሙዚየሙ መግቢያው በነፃ ነው፤ ሞአዩ 24ኛው ክፍል ውስጥ ቆሟል። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ፊት ለፊት ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ ዙሩና ጀርባውን እዩ። የሰው ገላ ያላቸው ወፎች ተቀርጸውበታል።