ሽያጭ ትርፍ አይደለም

መንግሥት ያለ ግብር ሊቆም፥ ንግድም ያለ መንግሥት ጥበቃ ሊሠራ እንደማይችል የማይገነዘብ ነጋዴ የለም። መንገድ የሚሠራው፥ ድልድይ የሚዘረጋው፥ ዳኛ በወንበሩ የሚቀመጠውና የገበያ ሰላም የሚጠበቀው ከሕዝብ በሚሰበሰበው ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ግብርን ከነጭራሹ የሚጠላ ሰው ሸቀጡ የሚመጣበትን መንገድ እንደ ጠላ ይቆጠራል። ስለዚህ በነጋዴው ዘንድ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ስለ ምን እንከፍላለን?» የሚል አይደለም፤ «ከምን ላይ፥ በምን ልክና በማን ግምት እንከፍላለን?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ እንደገና የተነሣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 1395/2017ን ካጸደቀ ወዲህ ነው። ማሻሻያው በ2008 ዓ.ም. የወጣውን የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979ን በብዙ አንቀጾች የለወጠ ሲሆን፥ ደመወዝተኛውንም፥ ባለሱቁንም፥ አስመጪውንም፥ ላኪውንም ይነካል። በጎውን በጎ፥ ከባዱን ከባድ ብሎ ለይቶ መናገር የነጋዴው ማኅበር ተግባር ስለ ሆነ፥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች በየተራ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ምስጋና የሚገባው የደመወዝ ግብር ጉዳይ ነው። በቀድሞው ሕግ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ 2,000 ብር ሆኖአል። በወር 3,000 ብር የሚከፈለው የሱቅ ሠራተኛ ቀድሞ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይገብር የነበረው አሁን 150 ብር ይገብራል። 6,000 ብር የሚከፈለው የመዝገብ ሠራተኛም ከ935 ብር ወደ 700 ብር ወርዶለታል። ይህ እፎይታ የተሰጠው ለሠራተኛው ነው እንጂ ለአሠሪው አይደለም። ስለዚህ «በእጅህ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ብሎ የተዋዋለ አሠሪ ሁሉ፥ የቀነሰውን ግብር ለራሱ ሳያስቀር ለሠራተኛው መጨመሩ የሕሊናም የክብርም ጉዳይ መሆኑን ማሰብ አለበት።

ሁለተኛው ለውጥ የግብር ከፋዮች ደረጃ ነው። ቀድሞ ነጋዴው በሦስት ደረጃ ተከፍሎ፥ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር የሚያንሰው «ሐ»፥ ከዚያ በላይ እስከ 1,000,000 ብር ያለው «ለ»፥ ከዚያም የሚበልጠው «ሀ» ይባል ነበር። አሁን የ«ሐ» ደረጃ ቀርቶ፥ ከ2,000,000 ብር በታች የሚሸጠው «ለ»፥ ከዚያ በላይ ያለው «ሀ» ሆኖአል። የ«ለ» ደረጃ ነጋዴ ግብር የሚታሰበው በዓመቱ የሽያጭ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህ የወሰን ከፍታ እንደ ትልቅ ችሮታ ሊቆጠር አይገባም። የብር የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ደርሶአል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሸቀጥ የሚቸረችር ባለሱቅ፥ ከአምናው አንዲት ካርቶን እንኳ ሳይጨምር የሽያጩ ቁጥር በብር ሲያድግ አይቶአል። ቁጥሩ ያደገው ሀብቱ አድጎ አይደለም፤ የብሩ የመግዛት ኀይል ስለ ቀነሰ ነው። የሽያጭን ቁጥር ብቻ አይቶ ነጋዴን «በለጸገ» ማለት የሚያሳስተው ከዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውና በዚህ ጽሑፍ በተለይ ሊታይ የሚገባው፥ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የተባለው ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የነጋዴው የንግድ ትርፍ ግብር ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ከመቶ 2.5 እጅ ማነስ የለበትም። ትርፉ ጥቂት ቢሆን፥ ወይም ጨርሶ ቢከስር እንኳ፥ በሕጉ ወይም በመመሪያው በተለይ ነፃ የተባለ ካልሆነ በቀር ይህን መክፈሉ አይቀርለትም።

ነገሩ በስሌት ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ የንግድ ማኅበር በዓመት የ20,000,000 ብር እህል ገዝቶ ሸጠ እንበል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከመቶ 3 እጅ፥ ማለት 600,000 ብር አተረፈ። የማኅበር የትርፍ ግብር ከመቶ 30 እጅ ስለ ሆነ፥ በትርፉ ቢታሰብ ዕዳው 180,000 ብር ነበር። በዝቅተኛው ግብር ግን ከሽያጩ ከመቶ 2.5 ተይዞ 500,000 ብር ይከፍላል፤ ዓመቱን ሙሉ ከደከመበትም 100,000 ብር ብቻ ይተርፈዋል። ይኸው ማኅበር በመንገድ መዘጋት ወይም በዋጋ መውደቅ 300,000 ብር የከሰረ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ግብሩ ያው 500,000 ብር ስለሚሆን ከዋናው ገንዘብ ላይ 800,000 ብር ይጎድልበታል። ሁለቱ ስሌቶች እኩል የሚሆኑት ማኅበሩ በየ100 ብሩ ሽያጭ 8 ብር ከ33 ሳንቲም ያህል ሲያተርፍ ነው። ከዚያ በላይ ለሚያተርፍ ደንቡ አይሰማውም፤ ከዚያ በታች ለሚያተርፍ ግን ትርፉን ይበላል፤ ትርፉ ከመቶ 2.5 በታች ሲወርድም ዋናውን ገንዘብ መንካት ይጀምራል።

በጎንደርና በአካባቢው ከ8 ብር በታች የሚያተርፈው ማን ነው? ብዙ በመሸጥ ጥቂት የሚያተርፈው ጅምላ ነጋዴ ነው። የመተማን ሰሊጥ ሰብስቦ የሚያቀርበው፥ የደባትንና የደባርቅን ገብስ በኩንታል እየገዛ ወደ ከተማ የሚያወርደው፥ ዘይትና ሳሙና በመኪና አስጭኖ ለደጋው ባለሱቅ የሚያከፋፍለው፥ ሁሉም የሚኖሩት ከኩንታልና ከካርቶን በምትገኝ ጥቂት ብር ነው። ጎንደር ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ከተማ ናት። ሸቀጡ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ ቅዳሜ ገበያ እስኪደርስ፥ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ዳገት ወጥቶ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ፥ የጭነቱ ኪራይ በሸቀጡ ዋጋ ላይ ይደመራል። ኪራዩ ለባለመኪናው የሚሄድ ገንዘብ ሆኖ ሳለ፥ በነጋዴው ደረሰኝ ላይ ሲታይ ግን ሽያጩን ያሳብጣል። በዚህ ስሌት ከወደብ የራቀው ነጋዴ፥ በመራቁ ብቻ ከቅርቡ ነጋዴ የበለጠ ይገብራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የዘመኑ ችግር ተጨምሮአል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የመተማን ድንበር ንግድ አናግቶአል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መኪና በየጊዜው ከመንገድ እንዲቀር፥ ሱቅ ቀናትን ተዘግቶ እንዲውል አድርጎአል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኪሳራ የስንፍና ወይም የማጭበርበር ምልክት ሊሆን አይችልም።

የላኪውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ዘመን ብዙ ላኪዎች ሰሊጥና ቡና በኪሳራ ጭምር እየሸጡ፥ በተገኘው ምንዛሪ ሸቀጥ አስመጥተው ኪሳራውን ያካክሱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ አሠራር ጤናማ ባይሆንም የነበረው እውነት ይኸው ነው። አሁን ግን የላከውም ያስመጣውም በሽያጭ ሲደመር፥ አንዱን ትርፍ ለማግኘት ሁለት ሽያጭ ይገበርበታል። ይህን ያላሰበ ላኪ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ይደነግጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል መንግሥት ደንቡን ያለ ምክንያት አላወጣውም። የኢትዮጵያ የግብር ገቢ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ 10 እጅ በታች ሆኖ ከቆየ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ «ከሰርሁ» እያሉ ግን ፎቅ የሚሠሩ፥ መኪና የሚለውጡ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብር የሚከፍቱ ነጋዴዎች መኖራቸውን የንግዱ ሰው ራሱ ያውቃል። አንዱን መዝገብ ለግብር፥ ሌላውን ለራስ መጻፍ የብልህነት ምልክት ተደርጎ የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። የሐሰተኛው መዝገብ ዕዳ እነሆ በእውነተኛው ነጋዴ ላይ ወደቀ። መንግሥት መዝገቡን ማመን ስላልቻለ ሽያጩን ያዘ። ስለዚህ ደንቡን የሚነቅፍ ነጋዴ ሁሉ፥ ደንቡን የወለደውን ጥፋት አብሮ መንቀፍ አለበት።

በግምት ላይ የቆመ ግብር ሰላም እንደማይሰጥ ያለፈው ታሪክ ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የተቃወመው የገንዘቡን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ገማቹንና ለካዩን ስላላመነ፥ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ በመስጋቱ ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ገዥው ተነሡ፥ ውዝፉም ተማረ፤ ግምጃ ቤቱም ያገኘው አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ሲገመት፥ በየከተማው ቅሬታ በዝቶ በአንዳንድ ስፍራ ሱቅ እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር።

ከጎረቤት ሀገርም ትምህርት ይገኛል። ኬንያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከጠቅላላ ሽያጭ ከመቶ 1 እጅ የሚከፈል ዝቅተኛ ግብር ደንግጋ ነበር። የንግድና የኢንዱስትሪ ማኅበራት ለፍርድ ቤት አቤት ብለው፥ የከሰረን ነጋዴ ከገቢው ሳይሆን ከዋናው ገንዘቡ ማስገበር ነው በማለት ስለ ተከራከሩ፥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ድንጋጌውን ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር ብሎ ሻረው፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ2015 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። የኢትዮጵያ ልክ ከኬንያው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የሀገራቱ ሕግ የተለያየ ቢሆንም፥ የኬንያ ነጋዴዎች በማኅበራቸው ተሰብስበው በክርክር የፈጸሙትን ሥራ መመልከት ይጠቅማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ተግባር የነጋዴው ነው፤ ይኸውም መዝገብ መያዝ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፥ ያልተጻፈ ወጪ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ምናልባት አንዳንዱ «ከሽያጭ ላይ የሚያዝ ከሆነ መዝገቡ ምን ይረባኛል?» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ከዝቅተኛው ልክ በላይ ለሚያተርፍ ነጋዴ ግብሩ ዛሬም በትርፍ ላይ ስለ ሆነ፥ ደረሰኝ የሌለው የጭነት፥ የወዛደርና የመጋዘን ወጪ ሁሉ ተመልሶ ትርፍ ይባልበታል። የደባርቁ ትንሽ ባለሱቅም የየቀን ሽያጩን ካልጻፈ፥ ሽያጩን የሚጽፍለት ገማቹ ነው። ከዚህም በላይ፥ ልኩ ለአንድ የንግድ ዐይነት የማይገባ መሆኑን ሊያስረዳ የሚችለው የታመነ መዝገብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተግባር የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው። በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ያቀረበን ነጋዴ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ወደ ግምት መመለስ፥ ሐቀኛውን ከሐሰተኛው ጋር አንድ ማድረግ ነው። መዝገብ የያዘ ከላልያዘ የማይሻል ከሆነ፥ በሚመጣው ዓመት መዝገብ የሚይዝ አይገኝም። ከገበሬ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩ ደረሰኝ እንደሌለው ታውቆ፥ የግዢ ማስረጃውን የሚያዘጋጅበት መንገድ ቀላልና ፈጣን ሊሆንለት ይገባል።

ሦስተኛው ተግባር የንግድ ምክር ቤቱ ነው። ስብሰባ ጠርቶ ማማረር አይበቃም። የእህሉ፥ የሰሊጡ፥ የሸቀጡና የሕንፃ ዕቃው ነጋዴ በየዘርፉ ሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ ያቅርብ፤ ስሙ ሳይገለጽ የትርፉ ልክ ከሽያጩ ጋር ይተያይ፤ የጎንደር ጭነት ኪራይም ከሌላው ከተማ ጋር ይነጻጸር። ከዚያ በኋላ «ለዚህ የንግድ ዐይነት ከመቶ 2.5 ከትርፉ ይበልጣል፤ ልኩ በየዘርፉ ይታይ» የሚል አቤቱታ ከነሠንጠረዡ ለገንዘብ ሚኒስቴር ይቅረብ። ቁጥር የያዘ አቤቱታ መልስ ያስፈልገዋል፤ ቁጥር የሌለው ግን እንደ ልማደኛ ለቅሶ ይታለፋል።

በጥንቱ ዘመን ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃም የቀረጡ ሰብሳቢም ነበር። ቀረጡን የሚቀበለው ሰው ቅፍለቱ ከየት እንደ መጣ፥ በመንገድ ምን እንደ ጠፋበትና ገበያው ምን እንደ ዋለ ያውቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋል፤ መለያየታቸውም ደግ ነው። ነገር ግን ሰብሳቢው ስለ ገበያው የነበረው ዕውቀት አብሮ እንዳይጠፋ፥ ያን ዕውቀት በመዝገብና በቁጥር ለመንግሥት የማቅረብ ኀላፊነት በነጋዴውና በምክር ቤቱ ላይ ወድቆአል። የዘንድሮው ሒሳብ ተዘግቶ የግብሩ ወር ሳይደርስ፥ እያንዳንዱ አባል መዝገቡን ከፍቶ ከ100 ብር ሽያጭ ስንት እንደሚተርፈው ይወቅ፤ ቁጥሩንም ለምክር ቤቱ ያስረክብ።