ሎሚ የሳሙና ምትክ አይደለም

በምግብ አዳራሻችን ሰላጣ በቀረበ ቁጥር አንድ የተለመደ አባባል ይሰማል። «ሎሚ ጠብ አድርግበትና ብላ፤ ጀርሙን እንደሆነ ሎሚው ይጨርሰዋል» ይባላል። ይህ አባባል ከዕጩ መምህራን አፍ ሲወጣ መስማት በበኩሌ ያሳስበኛል። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ይህንኑ ይዘን ክፍል ልንገባ ነዋ!

ለመሆኑ ሎሚ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም? ሎሚ ኮምጣጣ በመሆኑ አንዳንድ ተሐዋስያንን ያዳክማል፤ ይህ አይካድም። ሁሉንም ግን አይገድልም። የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ሽፋን ስላለው ኮምጣጣውን ይቋቋማል። በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል እጭም የሚገድለው በደንብ ማብሰል እንጂ የሎሚ ጠብታ አይደለም።

የሎሚ ክብር ሌላ ቦታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሐኪም፣ ስከርቪ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው 2ቱ ከሁሉም ቀድመው አገገሙ። ያዳናቸው ዛሬ ቫይታሚን ሲ የምንለው ነው። ይህ ለሰውነት የሚያስፈልግ ንጥረ ምግብ እንጂ ሳሙና አይደለም።

ሌላው ልብ የማንለው ነገር ልጣጩ ነው። «የሚበላው ውስጡ፣ ልጣጩን ማጠብ ለምን?» የሚሉ አሉ። ሎሚው እኮ በጆንያ ተጭኖ፣ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ በስንት እጅ ተገላብጦ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ሳይታጠብ ሲቆረጥ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ብርቱካንና መንደሪንም ያው ናቸው፤ ልጣጩን በነካ እጅ ነው የምንጎርሰው። በዚያ ላይ ግማሽ ሎሚ በየጠረጴዛው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይታያል።

ስለዚህ የሚከተለው ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ሎሚውና ብርቱካኑ ከመቆረጡ በፊት በንጹሕ ውሃ እየታሸ ይታጠብ፤ የሚቆርጠውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሁለተኛ፣ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሎሚ አይዋል። ሦስተኛ፣ ኮምጣጣው ብረት ስለሚበላ ጭማቂው በአሉሚኒየም ድስት አይደር፤ በብርጭቆ ዕቃ ይሁን። አራተኛ፣ ሎሚ የጨመቀ ሰው ፀሐይ ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ ጭማቂው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ያጠቁራልም።

«ውሃ በሚጠፋበት ቀንስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያን ቀን ሰላጣው ይቅርና ጎመን ተቀቅሎ ይቅረብልን። ካልታጠበ ሰላጣ የበሰለ ጎመን ይሻላል።

ወገኖቼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ማጠቡም እንደዚሁ ነው። ለወጥ ቤት ሠራተኞች ብቻ ከተተወ ሸክም ነው፤ በየክፍላችን ተራ ይዘን ብንረዳቸው ግን ሥራው ይቀላል፣ እኛም ለተማሪዎቻችን የምናሳየውን እዚሁ እንለማመደዋለን። የተራው ዝርዝር ከዚህ ጋዜጣ አጠገብ ቢለጠፍ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።