ስሙን ስናዳምጥ ዘፈኑ ያመልጠናል

አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ከዓመታት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም ሲያወጣ ክርክሩ ከአልበሙ ቀድሞ ይደርሳል። ማታ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀው ሥራ ሳይነጋ ተፈርዶበት ያድራል። አንደኛው ወገን «የድሮው የት ሄደ? ድምፁ እኮ አልቋል፤ ቢያርፍ ይሻለው ነበር» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «ለዚች አገር ስንት ያበረከተን ሰው መንካት ነውር ነው» ብሎ ይነሳል። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የሚሰማው ምልልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሁለቱ ወገኖች ሆድና ጀርባ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው፤ የሚሟገቱት ስለ ስሙ እንጂ ስለ ዘፈኑ አይደለም። አንዱ ስሙ ወድቋል ባይ ነው፣ ሌላው ስሙ አይወድቅም ባይ። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዜማው ግጥሙን አላስተነፈሰውም» የሚል ሰው በመሃል ቢገባ ከየት የመጣ ነገረኛ ነው ተብሎ ይታያል።

በመጀመሪያ «የድሮው ይሻላል» ባዩን እንጠይቀው፤ የትኛው ድሮ? አስቴር አወቀን እንውሰድ። ወደ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት አሊ ታንጎ ባሳተማቸው ካሴቶች ላይ ያለች አንዲት አስቴር አለች። እ.ኤ.አ. በ1989 በስሟ በወጣው አልበምና በ1991 ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ባሳተመው «ካቡ» ላይ ደግሞ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች አጅበዋት ለውጭው ዓለም ጆሮ ጭምር የተሠራች ሌላ አስቴር አለች። ከዚያም በ1999 የ«ሀገሬ»ዋ፣ በ2019 የ«ጨዋ»ዋ። «የድሮዋ አስቴር ናፈቀችን» የሚሉ ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቢቀመጡ፣ ሦስት የተለያዩ ሴቶችን እንደናፈቁ ለማወቅ ሁለተኛ ቡና አያስፈልጋቸውም። የማሕሙድ አሕመድም ነገር እንዲሁ ነው። ዛሬ የ«ድሮ» መለኪያ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በጊዜው እሱ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ያደገ ድምፃዊ የትንፋሽ መሣሪያውን ብዛት ትቶ ከቤዝ ጊታርና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የገባበት ሥራ ነው። ያኔ የነበረው አድማጭ ሁሉ የዛሬውን ዓይነት ፍርደኛ ቢሆን ኖሮ፣ ማሕሙድ ወደ ኦርኬስትራው እንዲመለስ ይለምን ነበር።

ሌላም የሚዛን ችግር አለ። ትናንት ብለን የምናቀርበው ትናንት አይደለም፤ ጊዜ በወንፊቱ ነፍቶ ያስቀረልን ጥቂት ነው። አንድ የዱሮ ካሴት በሁለት ገጹ አሥር ያህል ዘፈን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ሠርግ ላይ የሚከፈተው፣ ሬዲዮ የሚደጋግመው፣ ወጣት ድምፃዊ መድረክ ላይ የሚዋሰው ግን ከመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ነው። የቀሩትን ርዕሳቸውን እንኳ የሚያስታውስ የለም፤ ብዙዎቹም መረሳት የሚገባቸው ነበሩ። እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት የተረፉትን ምርጦች በአንድ በኩል፣ የትናንት ማታውን አልበም ከነገለባው በሌላ በኩል አስቀምጦ «ይኸው ቀለለ» ማለት ፍርድ አይባልም። አዲሱን አልበም ከቀድሞ አልበም ጋር ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ካሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የማይወደውንም ጭምር ሰምቶ ይምጣ።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ዋናው ነገር የድሮውን ዘፈን የድምፃዊው ብቻ አድርገን መቁጠራችን ነው። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆኖ የዘመኑን አብዛኛውን ካሴት ሲያጅብ ጆቫኒ ሪኮ በቤዙ፣ ሰላም ሥዩም በሊድ ጊታሩ፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርዱ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎኑ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በየሆቴሉ ሌሊቱን ሙሉ አብረው ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። ድምፃዊው ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ያውቁታል፤ ቃል ሲያስረዝም ይጠብቁታል፣ ሲያሳጥር ይደርሱበታል። ከበስተጀርባ ደግሞ እነ ይልማ ገብረአብ፣ እነ አበበ መለሰ፣ እነ ሙሉጌታ ተስፋዬ፣ እነ ዓለምፀሐይ ወዳጆ በግጥምና በዜማ ነበሩ። ያኔ ዘፈን የሚቀረፀው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ፊት ለፊት እየተያየ ነው። ጥቂት ትራክ ብቻ ስለነበር አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዛሬ አቀናባሪው ከበሮውንም ቤዙንም ኮምፒዩተሩ ላይ ብቻውን ይደረድራል፤ ሳክስፎን ነፊው በሌላ ቀን መጥቶ ድርሻውን ቀርፆ ይሄዳል፣ ድምፃዊው ግን ገና ግጥሙን አላየውም። ጊታሩ ከሌላ አህጉር በፋይል ይላካል። በዚህ መንገድ ድንቅ ሥራ አልተሠራም ማለቴ አይደለም፤ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከወጣቶች ጋር ምን እንደሠራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ሆኖም ጥያቄው ተለውጧል። ከአዲሱ አልበም የጎደለው ሙቀት ከድምፃዊው ጉሮሮ የጠፋ ነው ወይስ ከስቱዲዮው? ይህን ሳይለዩ «አልቆበታል» ማለት ቡድኑ ተበትኖ ሳለ በአምበሉ መፍረድ ነው።

«ድምፁ በእርግጥ ቀንሶ ቢሆንስ?» የሚል ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ድምፅ ያረጃል። የስልሳና የሰባ ዓመት ድምፃዊ በሃያ አምስት ዓመቱ የወጣበት ከፍታ ላይ እንዲወጣ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ መውጣቱን ማስመሰልም እንዲሁ። ነገር ግን ያረጀ ድምፅ የራሱ ሀብት አለው። ዝቅ ይላል፣ ይሻክራል፣ ትንፋሹ ይሰማል፤ ትዝታና አምባሰል ደግሞ እንዲህ ያለውን ድምፅ እንደሚወዱ ክራር ይዘው ያንጎራጎሩ አዛውንቶችን የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ችግሩ የሚመጣው አቀናባሪው የድምፁን ልክ ዝቅ ማድረግ ሲፈራ፣ ወይም ድምፃዊው ራሱ «ደክሟል ይሉኛል» ብሎ በድሮው ከፍታ ላይ ሲጮህ ነው። ያን ጊዜ የምንሰማው እርጅናን አይደለም፤ የእኛን ፍርድ ፍራቻ ነው። አድማጩ የጠየቀውን ከፍታ ሊሰጠው ሲታገል የተሰነጠቀውን ድምፅ ያው አድማጭ መልሶ ማስረጃ ያደርገዋል። «በስተርጅና ዝቅ ብሎ ቢዘፍን ምን ነበረበት» የሚል ተቺ ቢኖር፣ ለሚቀጥለው አልበም ከመቶ ውዳሴ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

ሌላው መከራከሪያ «ግጥም ጠፍቷል፣ ዜማ ጠፍቷል» የሚለው ነው። ይህ ከሌሎቹ የተሻለ እውነት አለው፤ ስለዚህም ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ግጥም ጠፍቷል ካልን ገጣሚው ማነው? ካሴት በነበረ ጊዜ ከሽፋኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ የሚል ይጻፍ ነበር። ዛሬም ከቪዲዮው በታች ይጻፋል፤ የሚከፍተው ግን ጥቂት ነው። የአልበሙን ሙግት ሌሊቱን ሙሉ ሲያካሂዱ ያደሩ ሰዎች የገጣሚውን ስም ሳይጠሩ ይነጋል። የማይጠራ ሰው ደግሞ በወጉ አይከፈለውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ፣ በ2007 ዓ.ም.ም ከተሻሻለ ወዲህ እንኳ ዘፈኑ በየሬዲዮውና በየመዝናኛ ቤቱ በተሰማ ቁጥር ለደራሲው ድርሻውን ማድረስ ገና ያልተፈታ ጣጣ ነው። ከአንድ ግጥም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለው ሰው አንዱን ግጥም ዓመት ሙሉ አይከትብም፤ አሥር ጽፎ ለአሥር ይሸጣል። ድምፃዊውም ከየገጣሚው አንድ ሁለት ይለቅምና አሥራ አራት አሥራ አምስት ዘፈን ይደረድራል፤ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለአገር፣ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለወጣቱ፣ አንዱ የድሮውን ለናፈቀው። እኔ በበኩሌ የአንጋፋዎቹ አዳዲስ አልበሞች ትልቁ ድክመት ይህ ነው ባይ ነኝ። የካሴቱ ሁለት ገጽ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ርዝመቱን ግን እስከ ዛሬ እንሞላዋለን። ሰባት ዘፈን ያለው፣ በአንድ ገጣሚና በአንድ ባንድ የተሠራ አልበም ይዞ የሚመጣ አንጋፋ ቢገኝ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰባት ብቻ?» ብሎ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን።

ስለ አክባሪው ወገን ብዙ መናገር አያሻም፤ ጉዳቱ ግን የሚናቅ አይደለም። ማሕሙድ በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት መድረኩን ሲያቀርብ የነበረው ፍቅር ተገቢ ነው፤ ስንብት የክብር ቀን ነው። አዲስ አልበም ግን ስንብት አይደለም። አዲስ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው «አሁንም ሠራተኛ ነኝ» እያለ ነው። ሥራውን ሳይሰሙ «ክብር ይገባዋል» ማለት በሕይወት ሳለ ሐውልት እንደማቆም ነው። ይህ ልማድ ውጭ አገርም አለ። ድምፃዊው ግርማ በየነ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ከራቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዮቹ የአካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ሲሠራ በደስታ የተቀበለው አውሮፓዊ አድማጭ በአብዛኛው የሚሻው የ1960ዎቹን አዲስ አበባ ነበር። ግርማ ጨዋ ሰው ነውና ያንኑ ሰጠ፤ ሌላ የሚለው ነገር ይኑረው አይኑረው አጥብቆ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«አድማጭ ነኝ፣ የወደድኩትን እወዳለሁ፣ ምክንያት አልጠየቅም» የሚል ሰው ትክክል ነው። መውደድና መጥላት ማስረጃ አይሻም። እሱ ግን «አልወደድኩትም» ብሎ አያበቃም፤ «አልቆበታል» ይላል። ያ ስለ ሌላ ሰው የሙያ ሕይወት የተሰጠ ፍርድ ስለሆነ ማስረጃ ይጠየቅበታል። የሚያቀርበው ማስረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያውን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ያለፈበት አንድ ሌሊት ነው። የመዝናኛ ጋዜጠኞቻችንም ከዚህ አይሻሉም። አልበም በወጣ ሳምንት ድምፃዊውን ስቱዲዮ ይጋብዙና አንድ ሰዓት ሙሉ «የት ጠፍተህ ነበር?»፣ «ከወጣቶቹ ማንን ታደንቃለህ?»፣ «ከእገሌ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲሉ ይቆያሉ። በየመሃሉ ከአዲሱ አልበም አንድ ዘፈን ይከፈታል፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ለማስታወቂያ ይቆረጣል፣ ሲመለሱም ስለ ዘፈኑ የሚነሳ ጥያቄ የለም። ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው በዚያው ከተማ ውስጥ አሉ፤ ስልካቸው ግን አይጮህም።